የእሳት ማጥፊያው ፍለጋና የእማሆይ በር

ማሩዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ሁለተኛው ገና ጓዙን እየጠቀለለ ነው። ከንፋስ መውጫ ወጣ ሲሉ ባቄላው ለእሸት ደርሷል፣ ገብሱም ዘለላ አውጥቷል። ብርዱ ያው ነው፤ እሱ ሰው ሞተ ብሎ አይለወጥም። እኔ ደህና ነኝ። እናትህ እማሆይም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ደከመ እንጂ አእምሯቸው እንደ ድሮው ነው። ልጃችን ሰናይት መካነ ኢየሱስ ላይ ማስተማሯን አልተወችም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ትመጣለች፣ ሳይሆን ሲቀር በስልክ እንነጋገራለን።

ይህን የምጽፍልህ ልቅሶ ላድስብህ ብዬ አይደለም። ቤትህ ውስጥ ትልቅ ነገር ሆኗል፤ አንተ በእጅህ የሠራኸውንም ነክቻለሁ፤ ከእኔ አፍ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞ ዘንድሮ ስንት ነገር ስጠይቅና ሳገላብጥ እንደከረምሁ ብታይ፣ ራዲዮ መፍታቱን ትተህ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርህ። የራዲዮና የስልክ መጠገኛህን ዘግቼ ላቆየው አልቻልሁም። መፍቻዎችህንና መበየጃህን በሣጥን አድርጌ ከእማሆይ አልጋ ሥር አኖርኋቸው፤ ክፍሉን ግን ቀለም አስቀብቼ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ መሸጫ አደረግሁት። ሙሉ የምትባል ከስማዳ የመጣች ጎበዝ ሴት አብራኝ ትሠራለች። በገበያ ቀን መቀመጫ አይበቃንም። የምንጠብሰው ከሱቁ ቀጥሎ ባለው በመካከለኛው ክፍል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ከመካከለኛው ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ አንተ ለእናትህ የቀጠልሃት ክፍል አለች። እኔም አሁን የምተኛው እዚያው ከእሳቸው ጋር ነው። ቤትህን ላንተ መንገሬ አይግረምህ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። እማሆይ ወደ ውጭ ለመውጣት በመጥበሻው አጠገብ አልፈው፣ ሱቁን አቋርጠው ነበር የሚወጡት። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ደንበኛ መካከል አልፈው ቤቱን መዞር ነበረባቸው። ሌላ በር አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው በጋ ነው። ከመንገዱ ማዶ ለባጃጆች ቤንዚን በጀሪካን የሚሸጥ ደሳለኝ የሚባል ጎረቤት አለን፤ አንተ ካለፍህ በኋላ የመጣ ነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሲቀዳ ተቀጣጠለበት። ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ይዞ ሮጠ፣ እኔም ባልዲ ይዤ ሮጥሁ። ውሃው ሲደፋበት ግን እሳቱ አልጠፋም። ውሃው ላይ ወጥቶ፣ ከውሃው ጋር በቦዩ ቁልቁል ወረደ። በዓይኔ አየሁት ማሩ፤ ውሃ እሳትን አዝሎ ሲሄድ። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ። በመጨረሻ ወንዶቹ አፈር በአካፋ እየደፉ አፈኑት። ደሳለኝ ክንዱን ተቃጠለ፤ እግዜር ይመስገን ዳነ፤ የሱቁ ፊት ግን ጠቁሮ ቀረ።

ማታ ሰው ሁሉ ስለ ደሳለኝ ክንድ ሲያወራ እኔ የማስበው ስለ ውሃው ነበር። እንዴት እንዲህ ይሆናል? ስንኖር ስንኖር እሳትና ውሃ ባላንጣ ናቸው ብለን አይደል የኖርነው? ለሰናይት ደወልሁላት። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል አለችኝ፤ ውሃው የሚሠራው እሳቱን እየተሸከመ ማስፋፋት ነው። ቀጥላ የነገረችኝ ግን ይባስ አስደነገጠኝ። የነደደ የምግብ ዘይት ላይ ውሃ ቢደፋ፣ ውሃው ዘይቱ ሥር ገብቶ በአንዴ እንፋሎት ይሆንና የነደደውን ዘይት ወደ ላይ ይበትነዋል አለች። ስልኩን እንደያዝሁ ዞር ብዬ አየሁ። ከመጥበሻው አጠገብ፣ ምናልባት እሳት ቢነሣ ብዬ ራሴ ያኖርሁት ባልዲ ሙሉ ውሃ ቁጭ ብሏል። ወዲያው አነሣሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ ሲሊንደር ባየሁበት ሁሉ መቆም ሆነ ሥራዬ። ለካ በየቦታው ነው ያለው፤ እኔ ነኝ አይቼው የማላውቅ። ባንክ ስገባ አንዱ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አፉ እንደ ጡሩምባ ሰፊና ጥቁር ነው። ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ያለው ደግሞ ቀጭን ቱቦ ነው ያለው፣ አንገቱ ላይም ትንሽ ሰዓት የመሰለች ነገር አለችው። የባንኩ ሰዓት የለውም። ለምን? እንደ አንተ ሆንሁልህ። ያኔ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝተህ፣ ጉሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል አይተህ ነርሷን "ጠብታውን የሚለካው ምኑ ነው?" ብለህ ስትጠይቃት፣ እኔ ተበሳጭቼ ዕረፍ እንዳልሁህ ትዝ ይልሃል? አሁን እኔው ባንክ ቤት ቆሜ ጡሩምባ እመረምራለሁ።

የባንኩ ጥበቃ ነገሬ ስላላማረው ምን እንደማይ ጠየቀኝ። እውነቱን ስነግረው ሳቀና ከውስጥ አንድ ሠራተኛ ጠራልኝ። ልጁ በትዕግሥት አስረዳኝ። ያ ጡሩምባ ያለው የሚረጨው ጋዝ ነው፤ በለስላሳ ውስጥ አረፋ የሚያደርገው ዓይነት ጋዝ። ለኮምፒውተርና ለኤሌክትሪክ የሚመረጠው ሲረጭ ምንም ስለማይተው ነው። ዱቄት ቢረጩበት እሳቱ ቢጠፋም ማሽኑ ይበላሻል። ሰዓት ስለሌለው በክብደቱ ነው ሙሉ መሆኑ የሚታወቀው። ጠባብና የተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን የሰውንም ትንፋሽ ያሳጥራል አለኝ። ይህን ስሰማ የእማሆይ ክፍል ታየኝ። መስኮቷ ጠባብ ናት፤ ብርድ እንዳይገባባቸው ብለህ አንተው ነህ ያጠበብሃት።

አንድ ቀን ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ ከሚኒባሱ ሾፌር መቀመጫ ሥር አንዲት ትንሽ አየሁ። ሰዓቷ ላይ ያለችው መርፌ ከአረንጓዴው ወጥታ ቀዩ ላይ ተኝታለች። ይህ ባዶ አይደለም ወይ ብዬ ሾፌሩን ጠየቅሁት። እሱማ ለተቆጣጣሪ ነው ብሎ ሳቀ፤ ተሳፋሪውም አብሮት ሳቀ። እኔ ግን እስክንደርስ ድረስ ያችን መርፌ ሳይ ሄድሁ።

ከዚህ በኋላ ነው አቶ ሰይድ ዘንድ የሄድሁት። የግንባታ ዕቃ ነጋዴውን ታስታውሳቸዋለህ፤ አምፖልና ሽቦ የምትገዛው ከእሳቸው ነበር፤ ስትሞትም ከነልጆቻቸው መጥተው ድንኳን የተከሉልን እሳቸው ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ሦስት ዓይነት ነበራቸው። የተሻለው የቱ ነው ብዬ ብጠይቃቸው ትልቁን አሳዩኝ። ለምን ትልቁ? ትልቅ ስለሆነ ነዋ አሉና ራሳቸው ሳቁ። "የሺ፣ አልዋሽሽም፤ እኔ የማውቀው መሸጡን ነው" አሉኝ። ቀጥለው ባሕር ዳር ዕቃውን ለሚያመጡላቸው ሰዎች ደወሉና ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርገው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

ያነሣችው ሴት ናት። ድምፅዋ ፈጣን ነው፤ ፊቷን አላየሁትም፤ ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለች። እኔ የተሻለው የቱ እንደሆነ ስጠይቅ እሷ መልሳ እኔን ጠየቀችኝ። ቤትሽ ውስጥ ሊነድ የሚችለው ምንድን ነው? ቆጠርሁላት፤ መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበት ከሰል፣ የዱቄት ጆንያ፣ ከማዳበሪያ የተሰፋው ኮርኒስ፣ ፍሪጅና ሽቦ፣ ከሁሉም በላይ ዘይቱ። እንግዲያው አንድ መልስ የለውም አለችኝ። ውሃ ያለበት ማጥፊያ ለእንጨትና ለጨርቅ ደህና ነው፤ ኤሌክትሪክና ዘይት ካለበት ግን አይቀርብም። አረፋ የሚረጨው ለእንደ ደሳለኝ ዓይነቱ ቤንዚን ይሆናል፤ ላዩን ሸፍኖ አየር ይከለክለዋል። ዱቄቱ ብዙውን ይችላል፣ ጨርቁንም ቤንዚኑንም ሽቦውንም፤ ክፋቱ ቤቱን ሁሉ ማልበሱና ጭስ ላይ ጭስ ሆኖ ዓይን መጋረዱ ነው። ድስት ሙሉ የጋለ ዘይት ላይ ደግሞ አይተማመኑበትም። እሳቱን ጭጭ ያደርገዋል፣ ዘይቱ ግን ገና ስለጋለ መልሶ ሊነሣ ይችላል። በቅርብ ሆነው ዘይቱ ላይ ቀጥ አድርገው ከረጩትም ዘይቱን ይበትነዋል።

ለዘይት የተለየ አለ አለችኝ። ፈሳሽ ነው፤ እንደ ጉም አድርጎ ነው የሚረጨው። የነደደው ዘይት ላይ ሲያርፍ የዘይቱን ፊት ሳሙና ያደርገዋል። ሳሙና! በል እስቲ ማሩ፣ ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ማን ይረዳኛል ካንተ በቀር? አንዴ ድገሚልኝ አልኋት፣ ደገመችልኝ። ሳሙና ከስብና ከዘይት እንደሚሠራ ሰምቼ ነበር፤ እሳት መሀል ቆሞ በቅጽበት መሠራቱን ግን በሕልሜም አላሰብሁት። አቶ ሰይድም መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። ያ ዓይነቱ በዚያን ጊዜ እጃቸው ላይ አልነበረም፣ ይታዘዛል ተባልሁ። እስከዚያው ለቤቱ ዱቄቱን ያዢ፣ ለመጥበሻው ደግሞ ክዳኑን አትናቂ፤ ምድጃ ማጥፋትና መክደን ከብዙ ማጥፊያ ይበልጣል አለችኝ።

ቀጥላ ማን እንደሚያነሣው ጠየቀችኝ። አቶ ሰይድ ትልቁን አስያዙኝ፤ ጎኔን አጣመመኝ። ትንሿ ለእጅ ትመቻለች፤ ግን ገና ስትጀምር ታልቃለች ተባለ። መካከለኛውን ይዤ ቀና ማለት ቻልሁ፤ ሙሉም ኋላ ሞከረችው፣ ቻለችው። የት ትሰቅይዋለሽ አለችኝ። ከመጥበሻው በላይ አልኋት፤ እሳቱ የሚነሣው እዚያ አይደል? ነደደ ብለሽ ልታመጪው እሳቱ ውስጥ ልትገቢ ነው ወይ ስትለኝ አፈርሁ። ከሱቁ በር አጠገብ ይሁን ተባባልን።

ያን ጊዜ ነው የመጨረሻውን የጠየቀችኝ።

"እሺ እህቴ፣ ይዘሽው ስትቆሚ ጀርባሽ ወዴት ነው?"

ወደ ሱቁ በር አልኋት። ካቃተኝ ወጥቼ እሄዳለሁ።

"ጥሩ። እሱ ላንቺ ነው። ከእሳቱ ወዲያስ ማን አለ?"

እማሆይ ታዩኝ። አቶ ሰይድም ያውቋቸዋል፤ ቀና ብለው አዩኝ። ሴትዮዋ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ሄሎ ሄሎ ትላለች።

ማጥፊያውን ገዝቼ ቤት ገባሁ፤ እንደ ድል ሳይሆን እንደ መርዶ ይዤው። ከእማሆይ አልጋ ጫፍ ተቀምጬ ወደ በሩ አየሁ። የመጥበሻው ጎን ከዚያ ይታያል። የእሳት ማጥፊያ ስመርጥ ከርሜ፣ እሳት ቢነሣ እሳቸው ጀርባቸውን የሚያዞሩበት ቦታ እንደሌላቸው አንድም ቀን አላሰብሁም። መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ ወደ ጓሮ በሚያየው ግድግዳ በር መክፈት። የቀሩት ግድግዳዎች አንዱ ከጎረቤት ጋር የገጠመ ነው፣ ሌላው ከመካከለኛው ክፍል ጋር የጋራ ነው። የጓሮው ብቻ ነው የሚሆነው። እሱ ደግሞ ያንተ ነው።

እማሆይ መንኵሰው ከስማዳ የመጡ ጊዜ ሰው ልትቀጥር ስትችል አልፈልግም ብለህ ጭቃውን በገዛ እግርህ አቦካኸው። ጭዱን አብዝተህ ነበርና ሰው ሳቀብህ፤ አንተ ግን ጭድ ሲበዛ ጭቃ ለምን እንደማይሰነጠቅ ልታይ ፈልገህ ነበር። ልክ ነበርህ፣ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ሲመታው ጣቶችህ ጭቃውን ሲያለሰልሱ የተዉት መስመር ይታያል። አንተ ካለፍህ ወዲህ ስንት ጊዜ እጄን እዚያ ላይ እንዳኖርሁ እኔ ነኝ የማውቅ። እና ይህን እንዴት በዶማ ላስመታው? ክረምቱ ይለፍ፣ ሰናይት ትምጣ እያልሁ ለራሴ ምክንያት ስሰጥ ሰነበትሁ።

እማሆይ ሁኔታዬን አልወደዱትም። ምን እንደሆንሁ ጠየቁኝ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የሴትዮዋን ጥያቄ፣ የበሩን ነገር፣ የጣትህንም መስመር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ተነሥተው በትራቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ሄዱና መዳፋቸውን አሳረፉበት።

"ልጄ ይህን የሠራው ሊያኖረኝ ነው እንጂ ሊቀብረኝ አይደለም" አሉ። "አስፈርሺው።"

ፋሲካ ሳይደርስ አስፈረስነው። የመጀመሪያው ዶማ ሲያርፍ ውጭ ወጥቼ ቆምሁ፤ ድምፁን መስማት አቃተኝ። ጭድህ ግን ሠሪዎቹን እስከ እኩለ ቀን አደከማቸው፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ አላየንም ሲሉ ሰምቼ በሐዘኔ መካከል ኮራሁብህ። የፈረሰውን ጭቃ እማሆይ አታውጡብኝ አሉ። በውሃ አስርሰው፣ መልሰው አስቦክተው ከአዲሱ በር አጠገብ ከጣራው ክፈፍ ሥር መደብ አስደረጉት። ጥሩ ጭቃ አይጣልም አሉ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው፤ ከውስጥ በአንድ መቀርቀሪያ ብቻ የሚዘጋ፣ ቀን ቀን ደግሞ ጨርሶ የማይቀረቀር። አሁን ሽንት ቤት ለመሄድ ከተማውን አይዞሩም።

ከዚያ እኔና ሙሉ ተለማመድን። ሙሉ ወጥታ ቤቱን ዞራ ወደ እማሆይ፣ እኔ ከሱቁ በር አጠገብ ወዳለው የመብራት ቆጣሪና ወደ ማጥፊያው። ቀለበቱን መንቀል፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር፣ እጀታውን መጭመቅ፣ እንደ ጠራጊ ወዲያ ወዲህ ማለት፤ ሳንረጭ በባዶው ደጋገምነው። የመጥበሻውንም ክዳን ከምድጃው ጎን አንሥቼ በመካከለኛው ክፍል መግቢያ ላይ በሚስማር ሰቀልሁት። በየወሩ ልደታ ቀን ሲሊንደሩን እያወረድሁ፣ ዱቄቱ እንዳይረጋ ገልብጬ እነቀንቀዋለሁ። ውስጡ ሲንሸራሸር ይሰማል፤ ደረቅ ጤፍ በአቁማዳ ውስጥ ሲሄድ ዓይነት ድምፅ አለው።

እሳቱ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። የገበያ ቀን ነበር፣ ዝናቡ ያወርደዋል። ድስቱ ምድጃው ላይ እንዳለ መብራት ጠፋ። ሰው ስለበዛብን ከሰል አያይዘን ከሱቁ ፊት ለፊት በረንዳው ላይ በሌላ መጥበሻ መጥበስ ጀመርን። ምድጃውን ለእኔ ሙሉ ያጠፋችው መስሎኛል፣ ለሙሉ ደግሞ እኔ ያጠፋሁት መስሏታል። መብራቱ ተመልሶ መጣ፤ ቀን ስለሆነ አምፖል አልበራም ነበርና ማናችንም አላወቅን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከውስጥ ምንም አይሰማም። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። ዞር ስል መካከለኛው ክፍል ብርቱካናማ ሆኗል።

"ሙሉ፣ በሩን!" ነው ያልሁት። ሙሉ አንዴም ወደ ኋላ ሳታይ በዝናቡ ውስጥ ቤቱን ዞረች።

ቆጣሪውን አጠፋሁ። ማጥፊያውን አወረድሁ። ከድስቱ የተነሣው ነበልባል የማዳበሪያውን ኮርኒስ ይዞታል፤ እየቀለጠ በጆንያዎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ነበልባል ወዲያ የእማሆይ ክፍል አለች። ቀለበቱን ሳብሁ፣ እምቢ አለኝ። ደግሜ ሳብሁ፣ እምቢ። ሲሊንደሩ የተበላሸ መሰለኝ። ለካ በፍርሃት እጀታውን ጨምቄ ይዤው ኖሯል፤ ተጨምቆ ቀለበቱ አይወጣም። እጄን ላላ ሳደርገው እንደ ቅቤ ወጣ። ጀርባዬን ለሱቁ በር ሰጥቼ ረጨሁ። ድምፁ ያስደነግጣል ማሩ፤ ትልቅ እባብ እፍ ያለ ነው የሚመስል። ጆንያዎቹ ጠፉ፣ ኮርኒሱ ጠፋ፣ ክፍሉ ነጭ ጉም ሆነ፤ እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ። እያሳለኝ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልሁ። የድስቱም እሳት ጭጭ አለ። አለቀ ብዬ ሳላበቃ መልሶ ቦግ አለ፤ ልክ ያች ሴት እንዳለችው። በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳ "እውነቷን ነው" ማለቴን አልረሳውም። ክዳኑን ከሚስማሩ አውርጄ እንደ ጋሻ ከፊቴ ይዤ፣ ከእኔ በኩል ወደዚያ በድስቱ ላይ አንሸራተትሁት። ጨለመ። ከዚያ ወዲያ አቶ ሰይድ የሰዉን ጩኸት ሰምተው ደርሰው በክንዴ ይዘው አወጡኝ፤ ዘይቱ እስኪበርድ ማንም ክዳኑን እንዳያነሣ ከበሩ ቆመው ከለከሉ።

ወደ ጓሮ ሮጥሁ። እማሆይ ከመደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሙሉ ጋቢ ተደርቦላቸዋል፣ ዝናቡ ከክፈፉ ወዲያ ይወርዳል። ሙሉ በዝናብ እንደራሰች እጃቸውን ይዛለች። ከእግሬ ወድቄ ማልቀስ ስጀምር ራሴን ደባበሱኝ። ፊቴ ዱቄት በዱቄት ነበር፤ በጣታቸው ነካ አድርገው ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት።

"የሺ፣ ያ ቀይ ነገር ይህን ነው የሚተፋው?" አሉኝ። "እስቲ ንገሪኝ፣ ይህ ዱቄት እሳትን እንዴት ያጠፋል?"

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። ካንተ ጋር ስንት ዓመት ስኖር የማንን ልጅ እንዳገባሁ ያን ዕለት ገና ገባኝ። መጠየቅ የራሴ ጠባይ ነው ብለህ ሁልጊዜ ትኩራራ ነበር፤ አይደለም፣ ከእሳቸው ነው የወሰድኸው። ዝናቡ እስኪያባራ መደቡ ላይ ተቀምጠን እኔ የማውቀውን ነገርኋቸው፤ የማላውቀውን ለሰናይት ደውለን ጠየቅናት።

ጉዳቱ ኮርኒሱ፣ የጆንያው ዱቄትና ዘይቱ ነው። የማጥፊያው ዱቄት ግን ስንት ጊዜ ጠርገነው ከየስንጥቁ እየወጣ አስቸግሮናል፤ ያልተሸፈነውን ምግብ ሁሉ ጣልነው። ኮርኒሱን በማዳበሪያ አልደገምሁትም። ሲሊንደሩ ውስጥ ገና የቀረ ስለመሰለኝ መልሼ ልሰቅለው ነበር፤ አንዴ ከተረጨ ግፊቱ ቀስ በቀስ ስለሚያመልጥ እንደገና መሞላት አለበት ተባለ። አቶ ሰይድ ወደ ባሕር ዳር እስኪልኩልኝ የሱቃቸውን አዋሱኝ። ያ ሳሙና የሚሠራውም በቅርቡ መጣልኝ፤ ከሱቁ በር አጠገብ ተሰቅሏል። ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ፣ እንዳላየውም እጸልያለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ሰው እየመጣ የቱን ልግዛ ይለኛል። ደሳለኝ እንኳ መጥቶ ነበር፤ ዛሬ ጀሪካኖቹን ከሱቁ አርቆ ያስቀምጣል፣ አሸዋም በበርሜል አኑሯል። እኔ ይህን ግዛ አልልም። ምን እንደሚነድ፣ ማን እንደሚያነሣው፣ ከእሳቱ ወዲያ ማን እንዳለ እጠይቃለሁ። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁና አልቸኩልባቸውም።

ማሩዬ፣ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ካህናቱ እዚያ ሁሉ ነገር የተገለጠበት፣ የተሰወረ የሌለበት አገር ነው ይላሉ። እንግዲያው አንተ ምን እየጠየቅህ ትውላለህ? ያለ ጥያቄ መዋል እንዴት ቻልህበት? ይህን እማሆይን ብጠይቃቸው ብዙ አስበው፣ ቢያንስ እኛ መቼ እንደምንመጣ ሳይጠይቅ አይቀርም አሉኝ።

ቶሎ አንመጣም፤ ገና ያላወቅነው ብዙ አለ። እስከዚያው ካህኑ በቅዳሴ ላይ የሙታንን ስም ሲጠሩ የክርስትና ስምህ እንዳይቀር አስጠራለሁ። ቤት ስመለስ ደግሞ ማሩ ብዬ በዚህኛው ስምህ ጠርቼ የዋልሁበትን እነግርሃለሁ፤ ደግ ሆነ ክፉ ሳልል፣ አንተ "ከዚያስ?" ብለህ እንደምትጠብቀኝ ቆጥሬ።

ሚስትህ የሺ
ከንፋስ መውጫ